የኋላው በር ቁልፍ የት ነው?

ጓጉንቸሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ታይዋን ገበያ ገባሁ፣ ከተደረደሩት ውስጥ ትልቁንና ከባዱን መረጥኩ፣ ዋጋ ተከራከርኩ፣ ገዛሁ። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ በእጄ እያገላበጥኩ እመዝነው ነበር። ደስ ብሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቤት አላት። ልጆቿ አንድ በአንድ ከቤት ሲወጡ ክፍሎቹን ለኮሌጅ ተማሪዎች ማከራየት ጀመረች። አሁን ሰባት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሴት ልጆች ይኖራሉ። መሀል ላይ ረጅም ኮሪደር አለ። በአንዱ ጫፍ ዋናው በር፣ በሌላው ጫፍ ወደ ጠባብ ቅያስ የሚያወጣ ትንሽ የብረት በር። መስኮቶቹ በሙሉ ፍርግርግ አላቸው። ድሬ ላይ ፍርግርግ የሌለው መስኮት ካየሁ ቆየሁ። በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መተኛት አይታሰብም። ከፍቶ መተኛት ደግሞ ሌባ መጥራት ነው። ስለዚህ ብረት።

የኋላው በር ላይ መቀርቀሪያ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት ሌባ እጁን በብረቶቹ መሀል አሾልኮ መቀርቀሪያውን ከፈተና ገባ። የጋዝ ሲሊንደሩን ወሰደ። ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩ ጫማዎችን ወሰደ። የአንዷን ልጅ ሸበጥ እንኳን አልተወም። በማግስቱ ልጆቹ ፈርተው አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው አደሩ። እኔም ቤተዘመዱ ውስጥ «የምትረዳው» ተብዬ የምጠራ ሰው ስለሆንኩ ጓጉንቸር ገዛሁ። ቁልፉን ለአክስቴ ሰጠኋት። እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላም። አክስቴ ለለቅሶ ሐረር ሄደች፣ እኔ ቤቱን ልጠብቅ መጣሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከአምስት ቁጥር አንዷ ልጅ የቆሻሻ ከረጢት ይዛ መጣች።

«የኋላው በር ቁልፍ የት ነው? ቆሻሻ ልጥል ነበር።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቁልፉ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቦርሳው አክስቴ ትከሻ ላይ ነው። አክስቴ ሐረር ናት። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ልጅቷ ከረጢቱን በዋናው በር ይዛ ወጣች። ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ያኔ የተጠየቀው በጭስ ውስጥ ነበር።

ተማሪ ሳለሁ የምኖርበት የሴቶች ማደሪያ ስሙን አልጠራውም። ባለ አራት ፎቅ ነው፣ ሲሠራ ለሌላ ነገር ታስቦ ኋላ ወደ ዶርም የተቀየረ። ሁለት ደረጃ አለው። የፊቱ ሰፊ ነው፣ ፕሮክተሯ ጠረጴዛዋን ዘርግታ መታወቂያ የምታይበት። የኋላው ጠባብ ነው፣ ታች ሲደርስ በብረት በር ያልቃል። በሩ ላይ ሰንሰለት አለ። ሰንሰለቱ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ከበሩ በላይ ደግሞ አረንጓዴ ምልክት ተለጥፏል፣ የሚሮጥ ሰውዬ ያለበት። ሰውዬው በሙሉ ኃይሉ ወደ ሰንሰለቱ ይሮጣል። አራት ዓመት ሙሉ አየሁት። አንድም ቀን አላሳቀኝም፣ አንድም ቀን አላስፈራኝም። ዓይን ይለምዳል።

ሰንሰለቱ ለምን እንደታሰረ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በኋላው በር ልጆች ይወጣሉ፣ አምሽተው ይገባሉ፣ ወንድ ይገባል ተብሎ ነው። ፕሮክተሯ ክፉ ሰው አልነበረችም። የታመመች ልጅ ስትኖር ከቤቷ አጥሚት ሠርታ የምታመጣ ሴት ናት። ግን ወላጆች ሲደውሉላት የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄ ማታ በሰዓቷ ትገባለች?» አንድም አባት ደውሎ «የኋላው በር በውስጥ በኩል ይከፈታል?» አላላትም። አንዲት ልጅ አምሽታ ብትገባ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ሰንሰለቱን የሚጠይቃት ግን የለም። እሷ ቦታ ብሆን እኔም አስረው ነበር። ይኸው አሰርኩት አይደል?

ያን ሌሊት ፈተና ደርሶ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዷ በስቶቭ ሽሮ ጥዳ መብራት ሄደ። እንቅልፍ ወሰዳት። መብራቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሲመጣ ስቶቩም አብሮ ነቃ። ከስቶቩ ጎን ስፖንጅ ፍራሽ ነበር። ስፖንጅ ሲቃጠል አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ጭሱ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። በዚያ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ሳያናይድም አለ። ብዙ ጊዜ በቤት ቃጠሎ ሰው የሚሞተው እሳቱ ሳይደርስበት በጭሱ ነው። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው ኮሪደሩ ውስጥ የራሴን እጅ ማየት አለመቻሌን ነው።

ከሦስተኛና ከአራተኛ ፎቅ የወረድነው ግማሾቻችን ወደ ኋላው ደረጃ ሄድን፣ ቅርብ ስለሆነ። ታች ስንደርስ ሰንሰለቱ። ከኋላ የሚመጡት ስለማያዩ ይገፋሉ። ከፊት ያሉት «ዝግ ነው! ተመለሱ!» ይላሉ። አንዷ «ቁልፉ የት ነው?» እያለች ትጮሃለች። ዘበኛው ጋሼ በውጭ በኩል ሮጠው መጡ፣ የቁልፍ ዘለላ ይዘው። ትዝ የሚለኝ የዘለላው ድምፅ ነው። ምናልባት ሠላሳ ቁልፍ ይሆናል፣ ምልክት የሌለው፣ ሁሉም አንድ የሚመስል። አንዱን ይሞክራሉ፣ ያወጣሉ፣ ሌላውን ይሞክራሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ቆይ ልጆቼ፣ ቆይ ልጆቼ» ይላሉ።

አልተከፈተም። ተመልሰን ወጥተን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ግድግዳውን እየዳበስን በፊቱ ደረጃ ወረድን። ማንም አልሞተም። አንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አላት። አንድ ፍራሽና አንድ መጋረጃ ተቃጠለ፣ እሱንም ሁለተኛ ፎቅ ያሉት በባልዲ ውሃ አጠፉት። በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ስቶቭ ክልክል ነው። ሰንሰለቱ እንደነበረ ቀረ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ኮሪደራችን ጣሪያ ላይ የጭስ ማንቂያ ነበረ። ነጭ፣ ክብ፣ የትንሽ ሳህን ያህል። ለምን አልጮኸም? ከሁለት ቀን በኋላ ወንበር ላይ ቆሜ አየሁት። ላዩ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ክዳን አለ። ፋብሪካው ሕንፃው ተሠርቶ እስኪያልቅ አቧራ እንዳይገባበት ብሎ የሚያለብሰው ክዳን ነው። ርክክብ ሲደረግ መነሳት ነበረበት። ማንም አላነሳውም። ያ ማንቂያ ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ አፉ ታፍኖ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ደግሞ ክዳን አልነበረውም፣ ካልሲ አጥልቀውለታል። ምክንያቱ ቡና ነው። እሑድ እሑድ ቡና እናፈላለን፣ እጣን እናጨሳለን፣ እሱ ይጮሃል።

እውነት ለመናገር መጮሁ ጥፋት አይደለም። ብዙዎቹ የጭስ ማንቂያዎች ውስጣቸው ትንሽ ጨለማ ጓዳ አለ። በአንድ በኩል ትንሽ መብራት ይበራል፣ በሌላ በኩል ብርሃን የሚለይ ዓይን አለ፣ ግን መብራቱ ወደ ዓይኑ አያይም። ጭስ ሲገባ ብርሃኑ በጭሱ ተመትቶ ይበተናል፣ ከተበተነው ዓይኑ ላይ ያርፋል፣ ማንቂያው ይጮሃል። በቃ ይኸው ነው። የእጣን ጭስም ብርሃን ይበትናል። የሻወር እንፋሎትም፣ የድሬ አቧራም፣ ውስጡ የገባች ትንኝም። የእሱ ሥራ መለየት አይደለም። ለዚህ ነው ቡና ከሚፈላበትና ምግብ ከሚበስልበት ቦታ ራቅ ተደርጎ የሚሰቀለው። ካልሲ ያጠለቁለት ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። አላግባብ የሰቀለው ሰው ነው ካልሲ ያስጠለቃቸው። በየሳምንቱ በከንቱ የሚጮህ ነገር ሦስተኛው ወር ላይ ማንንም አያስነሳም።

አንድ ነገር በመሀል ልበል፣ ደጋ ላይ ላላችሁ ተማሪዎች። ሐረርና ሐረማያ ማታ ማታ ይበርዳል፣ ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የጭስ ማንቂያም አይሰማውም። ፍም ሆኖ ጭሱ ያለቀ ከሰል ይበልጥ ያዘናጋል። ከሰሉን ውጭ አሳድሩት።

ወደ ቁልፉ ልመለስ። ያን ሌሊት ድፍን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሥራ አንድ ልጆች፣ ፍርግርግ መስኮት፣ አንድ በር። ዋናው በር አጠገብ ደግሞ ቆጣሪው አለ፣ ሽቦው ሁሉ እዚያ ተጠላልፎ። አንድ ነገር ቢነሳ የሚነሳው እዚያው ነው። ጠዋት ሚኒባስ ያዝኩና ቁልፍ ለማምጣት የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። ሾፌሩ «ለምን ትሄጃለሽ?» ሲለኝ «ለለቅሶ» አልኩት። ለጓጉንቸር ቁልፍ ሐረር ድረስ እሄዳለሁ ማለት አፈርኩ።

መንገድ ላይ በስልኬ ሳነብ የሚገፋ የበር ብረት ታሪክ ውስጥ ገባሁ። ያ ሲኒማ ቤትና ትልልቅ ሕንፃ ላይ የምናየው፣ በወገብ ቁመት በበሩ ላይ አግድም የተጋደመ፣ በሰውነት ሲገፉት የሚከፍት ብረት። እ.ኤ.አ. በ1883 በእንግሊዝ አገር ሰንደርላንድ ከተማ፣ ቪክቶሪያ ሆል በሚባል አዳራሽ ለልጆች ትርኢት ነበር። መጨረሻ ላይ መድረኩ አጠገብ ስጦታ መታደል ሲጀምር ፎቅ ላይ ያሉት ልጆች እንዳይቀርባቸው በደረጃው ተሯሯጡ። ደረጃው ግርጌ ያለው በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ያውም አንድ ልጅ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት ተትቶለት በመወርወሪያ ተይዟል። 183 ልጆች እዚያ ተጨፍልቀው ሞቱ። እሳት አልነበረም። ጭስ አልነበረም። በር ብቻ። ከዚያ በኋላ ሮበርት ብሪግስ የሚባል ሰው በውስጥ በኩል ሲገፉት የሚከፈት መወርወሪያ ሠርቶ በ1892 የፈጠራ መብት አወጣበት።

አንድ በአንድ የሚያሳልፍ በር። ፕሮክተሯና መታወቂያ የምታይበት ጠረጴዛ ትዝ አሉኝ።

ሩቅ አገር ነው እንዳትሉኝ፣ ጎረቤታችን ኬንያም አለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ኪያንጉሊ በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሌሊት መኝታ ቤቱ ተቃጠለ። እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነበር። 67 ወንዶች ልጆች ሞቱ። መኝታ ቤቱ ሁለት በር ነበረው። አንዱ ተቆልፏል። መስኮቶቹ ፍርግርግ ነበራቸው። ይህን አንብቤ ስልኬን ዘጋሁት።

ለቅሶ ቤቱ ጀጎል ውስጥ ነው፣ ከቡዳ በር ብዙም አይርቅም። ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲታጠር አምስት በር ተተወለት። ድሮ ማታ ማታ በሮቹ ይዘጉ ነበር። ግንቡ ላይ ግን ከታች ቀዳዳዎች አሉ፣ ጅብ የሚገባ የሚወጣባቸው። ከተማው ተዘግቶ ጅቡ መተላለፊያ አለው። ስንት ጊዜ አልፌባቸው እንደ ጉድ አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ቆሜ አየሁ። ሰው ለጅብ ያሰበውን እኔ ለአሥራ አንድ ልጆች አላሰብኩም።

አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ሰላም ተባባልን፣ እግዜር ያጥናችሁ ተባለ፣ ንፍሮ ቀመስኩ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ የኋላው በር ቁልፍ» አልኳት። ግር ብሏት አየችኝ። ቦርሳዋን ከፈተች። ቁልፉ ከማስቲካና ከመድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ተገኘ። ማታ አብረን ተመለስን።

ደንገጎን ስንወርድ በመስኮት ወደ ኋላ ዞራ ደመናውን አየች። ሁልጊዜ እንዲህ ናት። የድሬ ሰው ዝናብን የሚፈራው ድሬ ላይ ሲዘንብ አይደለም፣ ከላይ ደጋው ሲጠቁር ነው። አክስቴ ያኔ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነበረች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ውሃው በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እሷ ከነልጆቿ ወጥታለች። ብዙ አታወራም። ያን ቀን ግን ቁልፉን በእጇ እያሻሸች አወራች።

«ድምፁን ስሰማ ባቡር መስሎኝ ነበር» አለች። «ምን ባቡር አለ በዚህ ሌሊት ብዬ ተነሳሁ። ቁልፍ ፍለጋ ትራስ ሥር እጄን ስከት ውሃው ጉልበቴ ደርሷል።»

«አገኘሽው?»

«ባላገኘው ታዋሪኝ ነበር?»

ትንሽ ዝም አለች። ሳቢያን ስትገባ በሮቿ ላይ ሁሉ በውስጥ በኩል መቀርቀሪያ ብቻ ያስደረገችው ለዚህ ነበር። ቁልፍ ፍለጋ ሁለተኛ ላለመግባት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ድሮ የነበረ ነገር፣ የድህነት ነገር መስሎኝ ነው ያስቀየርኩት።

«ታዲያ ጓጉንቸሩን ሳመጣ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ ብዬ ነዋ።»

ከደንገጎ እስከ ድሬ ምንም አላወራሁም።

በያጅ የጠራሁት በዚያው ሳምንት ነው። ሌባው እውነተኛ ሌባ ነው፣ እሱን መርሳት አልችልም። ለበያጁ የነገርኩት ይህን ነው፤ ከውጭ ማንም እንዳይከፍተው፣ ከውስጥ ሕፃን እንዲከፍተው። ወጣት ልጅ ነው፣ ጉንጩ ወጥሯል። በሩን ሁለቴ ከፈት ዘጋ አደረገና «አቦ፣ ይሄ ቀላል ነው» አለ። መጀመሪያ በፍርግርጉ ላይ ከውስጥ በኩል ላሜራ በየደ፣ እጅ የሚያሾልክ ክፍተት እንዳይኖር። በውጭ በኩል ያለውን እጀታ ቆርጦ ጣለ። አሁን በሩ ከውጭ ሲታይ ልሙጥ ብረት ነው፣ የሚያዝ ነገር የለውም። ከውስጥ አንድ ረጅም መቀርቀሪያ አለ፣ ወደ ላይ ሲያነሱት ይለቃል።

የተከራከርነው በማጠፊያው ላይ ነው። በሩ ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው፣ ወደ ውጭ ይሁን አልኩት። ሰው ከኋላ ሲገፋ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ግድግዳ ነው። እሱ ደግሞ ማጠፊያው ወደ ውጭ ከዞረ ሌባ ፒኑን በመዶሻ መትቶ ያወጣዋል አለ። ልክ ነው። ቆይቶ ራሱ መላ አገኘ፣ የፒኖቹን ራስ በብየዳ ነካ ነካ አድርጎ አተማቸው። ቅያሱ ጠባብ ስለሆነ በሩ ሲከፈት ከጎረቤት ግንብ ጋር እንዳይጋጭ ለካ። አንድ ስንዝር ተረፈው። ከአንድ ጓጉንቸር ብዙም ያልበለጠ ወጪ ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም፣ በልጧል። ግን የተሰረቀውን ሲሊንደር አያክልም።

ማታ ልጆቹን ሰብስቤ ኮሪደሩን አጨለምኩት። እየሳቁ ነበር፣ አንዷ «ድራማ ነው እንዴ?» ትላለች። በቅርብ የገባችዋን ፍሬሽማን ዓይንሽን ጨፍነሽ ከክፍልሽ እስከ ቅያሱ ውጪ አልኳት። ግድግዳውን እየዳበሰች ሄደች። መቀርቀሪያውን አገኘችው፣ ግን አልነሳላትም። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ይዟል። ሳቁ ቆመ። ዘይት ቀባነው፣ አሥር ጊዜ ያህል አነሳነው ጣልነው። እንደገና ሞከረች። ተከፈተ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ሞከሩ።

የጭስ ማንቂያም ገዛሁ፣ አንድ፣ በባትሪ የሚሠራ። ክዳኑን መጀመሪያ አነሳሁ። ኮሪደሩ መሀል ጣሪያው ላይ ሰቀልኩት። በመጀመሪያው እሑድ የአክስቴ እጣን አስጮኸው። ፎጣ ልታለብሰው ወንበር ስትጎትት ደረስኩባት። ጥቂት ከተነታረክን በኋላ ረከቦቱ ወደ በረንዳው፣ ኒሙ ጥላ ሥር ወጣ። እዚያ ደግሞ ነፋስ አለ፣ ቀድሞውኑ እዚያ መሆን ነበረበት። ጓጉንቸሩ ሮቶው ክዳን ላይ ገባ። ድሬ ላይ ከሲሊንደር ይልቅ ውሃ ነው የሚሰረቀው።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አክስቴ ደወለች። ልቤ ቀጥ አለ።

«ያቺ ጫጩትሽ ስትጮህ አደረች» አለች።

ባትሪው ነው። ሲደክም በየደቂቃው ገደማ አንዴ ጪው ይላል። ጠዋት አዲስ ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጆቹ የባትሪ ድምፅ ይሁን የእሳት አልለዩም፣ አሥራ አንዱም በቅያሱ ወጥተው ዞረው በፊት በር ገብተዋል። ውጭው ነፋሻ፣ ክፍሉ ደግሞ ሙቀት ሆነባቸው። በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ አንዷ የሌላዋን እግር ተንተርሳ፣ ሁሉም ተኝተዋል። አክስቴ መሀላቸው ቁጭ ብላ ቡና ትወቅጣለች።